ደንባራ ብዬ የሰየምኳት

ከበቅሎ ንግድ ጡረታ ያወጣኝ ባጃጅ ነው። ደብዳቤ አልጻፈልኝም፤ ሽኝትም አላደረገልኝም። አንድ ቀን ጠዋት ቢቸና ከብት ተራ ቆሜ ሳለ፣ ድሮ ከእኔ ሰጋር በቅሎ ገዝተው ልጃቸውን የዳሩባት አንድ ሰውዬ በባጃጅ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ሰላም አሉኝ። ሳይወርዱ። ያን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። ንግድ ፈቃዴ ላይ «የጋማ ከብት ነጋዴ» ይላል። ግብሬን ከፍዬ ልመልሰው ስሄድ የተቀበለኝ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ጋሼ፣ የጋማ ከብት ምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ የበቅሎ ዋጋ እንደገና ሽቅብ ወጣ። እኔ የመጨረሻዋን ሸጬ ጨርሼ ነበር። ዕድሜ ልኬን ገበያ አውቃለሁ ስል የኖርኩ ሰው አወጣጤ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ገበያው አይደለም። ልጄ ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ቤት መጥታ ስለሆነው ነገር ነው። ለሚወለደው ልጅ የፈራሁለት አንድ ነገር ነበር፤ በእናቱ ላይ የተለጠፈው ስም በሱም ላይ እንዳይለጠፍ። ለጣፊው እኔ ስለሆንኩ ከማንም በላይ የመፍራት መብት ነበረኝ። እዚያ ለመድረስ ግን በበቅሎዎቹ በኩል መሄድ አለብኝ፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ደምሴ ናቸው። ቀጭን፣ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ የሚስቁ የቢቸና ሰው ነበሩ። ገበያ ከሁሉ ቀድመው ይደርሱና ከብት ተራው መግቢያ ላይ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። በቅሎዎቹን የሚያዩት ሲገቡ ነው። «ከታሰረች በኋላ አትያት፤ ከታሰረች በኋላ እንደ ሙሽራ ናት፣ ሁሉም ነገሯ ተሸፍኗል» ይሉኝ ነበር። ስትገባ ግን ትነበባለች። የትኛው ጆሮዋ ወደ ኋላ እንደሚዞር፣ ጥላ ስታይ በየትኛው ጎኗ እንደምትሸሽ፣ ቦይ ስትሻገር አንገቷን ዝቅ ታደርግ እንደሆነ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ራሷ ታስተካክለው እንደሆነ። አፏን ከፍተው ጥርሷን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ሌላው ሰው ሁሉ ስለሚያይ ለወጉ ያህል።

ከሁሉ ይገርመኝ የነበረው ስለ እናቷ መጠየቃቸው ነው። በቅሎን የምትወልደው ባዝራ ፈረስ ናት፤ ከወንድ አህያ አርግዛ ዓመት ያህል ተሸክማት ትኖራለች። አያ ደምሴ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ሻጩን አጠገባቸው ያስቀምጡታል።

«እናቷ ይህችን ስታረግዝ ክረምቱን የት ዋለች?»

«እዚያው እኛው ዘንድ፣ አያ።»

«ምን ትሸከም ነበር?»

«እህል ነዋ። ምን ትሸከማለች?»

«ውሃ የምትጠጣው ገደል ወርዳ ነው? ልጆች ይጋልቧት ነበር?»

ሻጩ ግራ እየገባው ይመልሳል። እሳቸው ሰምተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ በመልሱ ዋጋ አይሰብሩበትም። የረገዘች ባዝራ ሲነዱ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። አይሱዙ ከሩቅ ከሰሙ ከመንገዱ ያወጧትና ጋቢያቸውን ዘርግተው በመኪናውና በእሷ መካከል ይቆማሉ። ሹፌሮቹ በመስኮት ብቅ እያሉ «አያ፣ ፈረሲቱ አፈረችን እንዴ?» ይሏቸዋል። እሳቸው መኪናው ካለፈ በኋላ ለእኔ፣ ቀስ ብለው፣ «ውስጥ ያለችው ትሰማለች» ይሉኛል።

አዲስ የተወለደች ውርንጭላ ሲያዩ ደግሞ አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ውርንጭላዋ ትደነብራለች። ከዚያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ወደ እናቷ ጡት ለመመለስ ምን ያህል እንደምትቆይ ለማየት ነው። «ድንጋጤውን ተወው፤ ሁሉም ይደነግጣል። አመላለሷን ነው የምታየው» አሉኝ፣ ደጋግመው አሉኝ። ሰምቻለሁ። ከትምህርቱ የወሰድኩት ግን ግማሹን ነው፤ ጭብጨባውን። መጠበቁ ገበያ ላይ አይሸጥም። ሰው ቆሞ የሚያየው ድንጋጤውን ነው።

አያ ደምሴ ሲደክሙ እኔ ወደ ሞጣ ገበያ ዞርኩ። ስሜ የወጣው እዚያ በአንዲት ጥቁር በቅሎ ነው። ባለቤትዋ እሷንም እናቷንም አንድ ላይ ይዞ መጣ፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ዋጋ ይጠራል። ሰዉ ተሰበሰበ። እኔ በቅሎዋን ዞርኳት፣ ጆሮዋን ዳሰስኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «የዚች እናት እሷን እርጉዝ ሆና ጎርፍ ወስዷት ለጥቂት ተርፋለች» አልኩ። «ካላመናችሁ ቦዩን በቀኝ በኩል አሻግሯት።» አሻገሯት፤ አልሻገርም አለች። ባለቤቱ ፊቱ ተለወጠ፤ በእርግጥም ጎርፍ ወስዷት ነበር። ገዛኋት፣ በርካሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ «ሙሉ ያንብባት» የሚባል ነገር መጣ፤ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይጠራኛል።

ያነበብኩት ከበቅሎዋ አልነበረም። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ሳለ ያንኑ ቦይ እምቢ ስትል አይቻታለሁ፤ ባለቤቱም እዚያው ሻይ እየጠጣ ለሻይ ሻጯ የጎርፉን ታሪክ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ቀድሞ መድረስን ከአያ ደምሴ ተምሬ ነበር። ዓይን መጨፈኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ግርግር መሀል ቆሞ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ከነበረው ሰው አንዱ ይበልጣል የሚባል ነው። የሞጣ ልጅ፣ ገና በንግዱ ላይ እግሩን ያስገባ። አመነኝ። ከዚያ በኋላ በእኔ ንባብ ስንት በቅሎ እንደገዛ እሱ ያውቃል። ሰው የሚያምነውን መጠን ለክቶ ማመን እንደማይችል እሱን አይቼ ነው ያወቅኩት፤ ያውም በጣም ዘግይቼ።

አሁን ከዚያ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሼ ወደ ቤቴ ልግባ።

ባለቤቴ ዓለምነሽ ማስተዋልን እርጉዝ ሳለች፣ ሆዷም ገፍቶ ሳለ፣ ከየጁቤ በኩል ከዓባይ በረሃ የወጣች ያልተገራች በቅሎ ገዛሁ። ቁመናዋ ደስ ይላል፤ ሰው ግን አስጠግታ አታውቅም። ግቢዬ ውስጥ ከወይራ ግንድ ጋር አሰርኳትና ሌሎቹን ነድቼ ወደ ሞጣ ሄድኩ። ልብ በሉ፤ ለረገዘች ባዝራ ጋቢ የሚዘረጉ ሰው ያስተማሩኝ ነጋዴ ነኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት ያረገዘች ባዝራ ነበረችኝ፤ እሷን ጸጥ ያለ ቦታ ትዋል ብዬ ዘመድ ቤት አስቀምጫታለሁ።

ስመለስ ዓለምነሽ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ገመዱ እጇ ላይ ተጠምጥሟል። በቅሎዋ ፊት ለፊቷ ቆማ ላብ ያንጠባጥባታል። ገመዱን ከግንዱ በጥሳ፣ ዓለምነሽን ከግድግዳው ጋር አጣብቃት ነበር። ከዚያም ዓለምነሽ በቅሎዋ ወጥታ እንዳትጠፋ ይዛት ውላለች። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቷል፤ ማንም ግን ለመግባት አልደፈረም።

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «በቅሎዋ ደህና ናት?» ነው።

ዓለምነሽ ቀና ብላ አየችኝ። «ደህና ናት» አለች። «እኔንም ከጠየቅኸኝ፣ ሆዴ ውስጥ ይንቀሳቀሳል።»

በማግስቱ ሴቶቹ ሊጠይቁ መጡ። ጩኸቱ ምን ነበር አሉ። በቅሎዋ መሆኗ ከተወራ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ የሚገዛት አይገኝም። ስለዚህ ዓለምነሽ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ተናገርኩ። «አትውጪ እያልኳት በምሽት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጅብ አስደነገጣት» አልኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «እርጉዝ ሰው በምሽት ይወጣል እንዴ፣ እቴ?» አለቻት። ዓለምነሽ እኔን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ «አጥፍቻለሁ» አለች። ለስንት ዓመት እንደዚያ ስትል ኖረች፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዕድሩ፣ ሰርግ ቤት። እርጉዝ ሴት ሲመክሩ የእሷን ጅብ ያነሡ ነበር።

በቅሎዋን ገር ናት ብዬ ለአንድ ቄስ ሸጥኳት። በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም።

ማስተዋል ተወለደች። ገና በአራስ ቤት ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ሥር አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ሁለት እጇን ወደ ላይ በተነች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሴቶቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህች ደንባራ ናት» አልኩ። «የእናቷ ጅብ ገብቶባታል።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ንግድ የሚረዳ ቀልድ። ከብት ተራ ላይ ገዥ ሲጠራጠር «በሆድ ሳለ የደነገጠ እንዴት እንደሚሆን ቤቴ ድረስ ላሳይህ፣ የኔዋን ደንባራ ልጥራልህ?» እለዋለሁ። ገዥው ይስቃል፣ ይገዛል።

ልጅቱ በዚያ ስም አደገች። ቤት ውስጥ ሳህን ሲወድቅ ሁላችንም የምናየው ሳህኑን ሳይሆን እሷን ነው። ትደነግጥ እንደሆነ እናያለን፤ እሷም እየታየች መሆኗን ታውቃለች፤ ትደነግጣለች። እንግዳ ሲመጣ «ያቺ ናት?» ይላል። እንዲያም ሆኖ ጎበዝ ነበረች፤ ተማረች፣ መምህር ሆነች፣ ሞጣ ተመደበች። የትምህርት ቤቱ ደወል የመኪና ቸርኬ ነው፤ ከክፍሏ መስኮት አጠገብ ተሰቅሏል። ከመደወሉ በፊት እጆቿን ጠረጴዛው ሥር እንደምትደብቅ ለእናቷ ነግራታለች። እኔ ይህን የሰማሁት ከዓለምነሽ ነው። ለእኔ ምን ብላ ትነግረኛለች።

ይበልጣል ሽማግሌ ሲልክ ደስ አለኝ። በንግድ ሰው አያታልልም፣ ሰው ያከብራል። ቃሉን ስንሰጠው ለብቻዬ ጠራ አድርጎኝ፣ በሙሉ አክብሮት፣ «አባ፣ ጠባይዋን ስለማውቅ አይስጉ። እርስዎ ራስዎ ነግረውናል፤ ችዬ እይዛታለሁ» አለኝ። ጉድለቷ የታወቀ በቅሎ የሚገዛ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። አላረምኩትም፤ መረቅኩት።

ስታረግዝ ይበልጣል ከትምህርት ቤቱ አስቀራት። ፈቃድ አስሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ ሁሉን በሥርዓቱ። ቀጥሎ የጎረቤቱን ብረት ሠሪ ተጣላ። ቀጥሎ የቤቱ በር እንዳይጮህ ጋቢ ሰቀለበት። ጓደኞቿ ድንገት እንዳይገቡ ከለከለ። ስልኳን ድምፁን አጠፋው። አልመታትም፣ አልሰደባትም፤ ማንም ሰው ከውጭ ቢያየው ደግ ባል ይለዋል። ማስተዋል ስልኩን ተደብቃ ለእናቷ ደወለች። ዓለምነሽ ጨርሳ ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሂድና አምጣት።»

«ባሏ ካልፈቀደስ?»

«አንተ ያስተማርከው ሰው ነው። ሌላ ነገር አስተምረው።»

ሄድኩ። ሞጣ ቤቱ ስደርስ ይበልጣል በሩ ላይ ጠበቀኝ፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«ቀስ ብለው፣ አባ። ጫማዎን እዚህ ያውልቁት፣ ወለሉ ይጮሃል።»

«ሰው ሞቷል እንዴ፣ ይበልጣል?»

«የለም የለም። እንዳትደነግጥ ነው። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉን፣ የረገዘች ባዝራ...» ብሎ አፈረና አቆመ። «ይቅርታ፣ አባ። ማለቴ...»

«ግድ የለም» አልኩት። «ቃሉ የኔ ነው።»

ማስተዋል ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የራስ ትንፋሽ የሚሰማበት ዓይነት ጸጥታ። ጎንበስ ብዬ ስስማት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አየኸው፣ አባዬ?» አለችኝ። «ድሮ የሚንቀጠቀጠው ደወል ሲደወል ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ምን ሊጮህ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ።»

አይዞሽ አልኳት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «አንተ እኮ ታውቃለህ። ልጄም እንደኔ ይሆናል?»

በሥራ ዘመኔ ለስንቱ ጥያቄ ፈጥኜ መልስ ሰጥቻለሁ። ያነከሰች በቅሎ እግሯ ደንዝዞ ነው ብዬ ሸጫለሁ። ለዚህች መልሱን አውቀው ነበር፤ የማላውቀው ነገር ነው ማለት ነበረብኝ፤ ጅብ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነበረብኝ፤ ይበልጣልም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አፌን ከፈትኩና ወደ ይበልጣል ዞርኩ። «በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው» አልኩት። «ልወስዳት ነው የመጣሁት።» እሱ ማቅማማት ጀመረ፤ መንገዱ፣ የመኪናው ጩኸት። እኔም እንደ ገበያ ቀን ያዝኩት፤ ትንሽ ጫን፣ ትንሽ ላላ። በመጨረሻ ቤቱን ጸጥ አድርጌ እንድይዝለት ቃል አስገባኝ። እሺ አልኩ። በቅሎ እንደተሸጠ ሁሉ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ልጄ ሁለታችንንም ታየን ነበር። ጥያቄዋን መልሳ አልጠየቀችኝም።

ከሠራሁት ሁሉ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። የጅቡን ነገር በጉርምስናዬ፣ በስስቴ ልል እችላለሁ። ይህን ግን በሽበቴ፣ እያወቅኩ፣ ልጄ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው።

ቢቸና ስንደርስ ለይበልጣል የገባሁትን ቃል ለዓለምነሽ ነገርኳት። «እንዲያ ካልክ አንተ ዝም በል» አለችና ልጅቱን ወደ ገበያ ይዛት ወጣች። ባጃጁም ጮኸ፣ ወፍጮ ቤቱም ጮኸ። አንድ ቀን ድስት ከዓለምነሽ እጅ አመለጠ፤ እኔ ከልማዴ ማስተዋልን አየሁ። ዓለምነሽ ድስቱን ነው ያየችው። «የወደቀው ድስቱ ነው፤ ድስቱን አንሺልኝ» አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያለ የማስተዋል እጅ መለስ አለ። ጎረቤቶቿ ሲመጡ ትስቅ ጀመር። የእኔን ቀልድ የሚያነሣ ሲመጣ ግን ዓለምነሽ ወሬ ትቀይራለች፤ እኔ አልቀይርም።

ምጡ ሲመጣ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የተቀበለቻት አዋላጅ ሲስተር ሃዊ ትባላለች፤ ከወለጋ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ወንድ ልጅ ተወለደ፣ ደህና፣ ድምፁ ወፍራም። ይበልጣል ከሞጣ በማግስቱ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ዓለምነሽ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥፋለች፣ ሲስተር ሃዊ የማስተዋልን ደም ግፊት ትለካለች፣ እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። ይበልጣል ሚስቱን ሳመ፣ ሕፃኑን ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ እጆቹን አነሣና ጆሮው ሥር አንድ ጊዜ አጨበጨበ።

ሕፃኑ ሁለት እጁን በተነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀሰ።

ይበልጣል ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ማስተዋልን አያት። ከዚያ እኔን። «አዩት አባ?» አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሲስተር ሃዊ።

«እያየሁት ነው። ደነገጠ።»

«ባይደነግጥ ኖሮ ነው ሐኪም የምጠራው።»

«እንዴት?»

«አራስ ሕፃን ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። የአንተም ወንድም፣ የእኔም እህት። አንተም አድርገሃል። ከወራት በኋላ ይተወዋል።» ሕፃኑን አንሥታ ለእናቱ ሰጠቻት።

ይበልጣል ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። «ታዲያ እናት በርግዝና ያየችው ነገር ለልጁ አይደርሰውም ነው የምትዪኝ?»

«እሱን አላልኩም። ይደርሰዋል። የተራበች፣ ሸክም የበዛባት፣ ቀን ከሌት ስትፈራ የኖረች እናት ልጇ ከስቶ ወይ ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። እዚሁ ክፍል አየዋለሁ። አንድ ቀን ደነገጥሽ ብሎ ግን ልጅ ላይ ፍርድ የለም። በጭብጨባም አይታወቅም።» ወደ ማስተዋል ዞረች። «አንቺን በርግዝናሽ ምን ነበር የሚያስፈራሽ?»

ማስተዋል ሕፃኑን ወደ ጡቷ አስጠጋች። «እንዳልደነግጥ የሚጠብቀኝ ሰው» አለች።

ይበልጣል ተቀመጠ። ማስተዋል እኔን አየችኝ።

«እኔስ ስወለድ አጨብጭበህብኛል?»

«አጨብጭቧል» አለች ዓለምነሽ፣ ከጨርቁ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። «ጅብም አልነበረም። በቅሎ ናት፣ የሱ በቅሎ። ግቢ ውስጥ አስሯት ሄዶ ከግድግዳ ጋር አጣብቃኝ ነበር። ውሃ ልቀዳ አልወጣሁም።»

ይበልጣል ወደ እኔ ዞረ፤ አስተባብል የሚል ዓይን ነበር። ጅቡን ከቢቸና እስከ ሞጣ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ነጋዴ ደግሞ አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር አያጣም። እኔም ፈለግኩ። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

«ልሸጣት ነበር» አልኩ።

ሲስተር ሃዊ የደም ግፊት መለኪያዋን ሰብስባ ወጣች። በእኛ ዘንድ ልጅ በእናቱ ወላጆች ቤት ሲወለድ የዓለም ስሙን አያት እንዲያወጣ ይተውለታል፤ እኔም አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ስም፣ ከባድ። ምን ላድርግ፣ ዝምታው አፈነኝና ያን ስም ልጠራ «እንግዲህ ይህን ልጅ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ስም የምታወጣለት እማዬ ናት» አለች ማስተዋል። ቁጣ አልነበረበትም፤ ተማሪ ታስቀምጥ ይመስል ነው የተናገረችው። «አንተ አንድ ጊዜ አውጥተሃል።»

ወጣሁ። ይበልጣልም ተከትሎኝ ወጣና በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ በሌላው ጫፍ። ከፊታችን አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ከአጃቢዎቿ ጋር ቀስ እያለች አለፈች፤ ሁለታችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ጣልን።

«አባ» አለኝ።

«አቤት።»

«በቅሎዎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ያነበቡልኝ። እናታቸው ጎርፍ ያየች፣ እናታቸው ገደል የወደቀች፣ እናታቸው የተመታች ብለው ያስጣሉኝ። ያስገዙኝም።»

አያ ደምሴ ቢሆኑ ለዚህ የሚመልሱለት ነገር ይኖራቸው ነበር። እኔ ከቢቸና እስከ ሞጣ የነዳኋቸውን አሰብኳቸው፤ ጥቁሯን፣ ዳለቻዋን፣ ከበረሃ የወጣችውን። የትኛዋ ምን እንደነበረች በእውነት አላውቅም። ለማወቅ ቆሜ ጠብቄ አላውቅም።

«ሁሉንም ሸጬአቸዋለሁ» አልኩት።

ይበልጣል ተነሣ፣ በሩን እንደ ማንም ሰው ገፋ አድርጎ፣ እያስጮኸ፣ ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ገባ። እኔን የጠራኝ የለም።